በጥያቄ ምልክት የመጣው ስም

ስልኬ ሲጠራ ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። የደወሉልኝ እትዬ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ብዙ ዓመት የሠሩ ሴት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በሳምንት ሁለት ቀን ከቤታቸው ሆነው፣ የቢሮውን ሰርቨር በሪሞት ዴስክቶፕ ከፍተው ነው የሚሠሩት።

«ልጄ፣ የሰው ስም ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆነብኝ።»

«የት ላይ ነው እትዬ?»

«ከቅርንጫፍ የመጣልኝን ዝርዝር ኮፒ አድርጌ የቢሮው ፔይሮል ላይ ፔስት ሳደርገው ነዋ! ብሩ በትክክል ይገባል። ስሙ ግን ጥያቄ፣ ጥያቄ፣ ጥያቄ። ደሞዝ ሁለት ቀን ነው የቀረው።»

ስክሪኑን በስልካቸው ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው። ባለ ሦስት ፊደል ስም በሦስት ጥያቄ ምልክት፣ ባለ አምስት ፊደሉ በአምስት ተተክቷል። ይህ ቀላል ፍንጭ አይደለም። የእኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሲከማች አንዱ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ባይት ይይዛል። ባይቶቹ መንገድ ላይ ተበታትነው ቢሆን ኖሮ ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት እንግዳ ምልክት ተደርድሮ እናይ ነበር። እዚህ ግን ልውውጡ አንድ ለአንድ ነው። ስለዚህ በመካከል ያለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ፊደል በደንብ አንብቦታል፤ ካነበበው በኋላ ግን የሚያሳልፍበት ቦታ አጥቶ ጥያቄ ምልክት ተክቶበታል። ጥፋቱ የእትዬም፣ የፔይሮሉም አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ለአማርኛ የተሠራ አልነበረም።

መንገዱ ቪኤንሲ ይባላል። የተወለደው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ፣ ኦሊቬቲና ኦራክል በጋራ ባቋቋሙት የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። አንዲ ሆፐርና ባልደረቦቹ አሠራሩን በ1998 በጽሑፍ አስተዋወቁ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ምንጭ ኮዱም በዚያው ዓመት ለሁሉም ክፍት ሆነ። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው፤ ዕድሜ የሰጠውም ይኸው ቅለቱ ይመስለኛል። ሰርቨሩ ስክሪኑን በአራት ማዕዘን ቁራጮች ይከፋፍልና የተለወጠውን ቁራጭ ብቻ በስዕል መልክ ይልካል። ከዚህኛው ወገን ደግሞ የተነካው የኪቦርድ ቁልፍና የማውሱ እንቅስቃሴ ይሄዳል። ሰርቨሩ ውስጥ ምን ዓይነት ፕሮግራም እንዳለ ማንም አይጠይቅም።

አማርኛ ለዓመታት ያለችግር ሲታይ የኖረውም ለዚህ ነው። እትዬ ቤታቸው ሆነው የሚያዩት የደመወዝ ሠንጠረዥ ጽሑፍ ሳይሆን የጽሑፍ ስዕል ነው፤ ስዕል ደግሞ ቋንቋ አይመርጥም። ጽሑፍ በጽሑፍነቱ የሚያልፍባቸው በሮች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ኪቦርድ ነው። ሁለተኛው ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ የሚተላለፍበት ክሊፕቦርድ ነው። የአሠራሩ ደንብ ለሁለተኛው በር የመደበው ላቲን-1 የሚባለውን የፊደል ሰሌዳ ነበር። በዚያ ሰሌዳ ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ተደላድለው ይቀመጡበታል። የእኛ «ሰ» በዩኒኮድ ተራ ቁጥሯ 4656 ነው። አትገባም። ደንቡ በ2011 በይፋ ሰነድነት ታትሞ ሲወጣ እንኳ ከላቲን-1 ውጭ ያለ ጽሑፍ የሚተላለፍበት መንገድ እንደሌለ በግልጽ ተጽፎበታል።

ይህን ሳነብ የሠሪዎቹን ቸልተኝነት ለመክሰስ ቸኩዬ ነበር፤ ዓመቱን ሳይ ተውኩት። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ካምብሪጆች ኮዳቸውን ሲለቁ ፊደላችን ገና ተራ ቁጥር አልነበረውም። የሚያሳዝነው ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላ ያለፈው ጊዜ ነው። ታይገር ቪኤንሲ የሚባለውና ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው የዚህ ቤተሰብ ፕሮግራም ክሊፕቦርዱን ለሙሉ ዩኒኮድ የከፈተው በ1.10 እትሙ፣ በ2019 ነው። ያደረገው ብልሃት ደስ ይላል። በድሮው መልእክት ውስጥ የጽሑፉ ርዝመት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ርዝመት ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል፣ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ከተስማሙ እዚያ ቦታ ላይ አሉታዊ ቁጥር ይጻፋል፤ አሉታዊ ቁጥር ያየ ተቀባይ «ይህ አዲሱ ዓይነት ነው» ብሎ ይረዳል። አዲሱን የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ደግሞ መጀመሪያውኑ ስለማይስማማ፣ በአሮጌው ይቀጥላል።

እትዬ የደወሉልኝ በ2020 መጀመሪያ ላይ ነው፤ የቢሮው ሰርቨር የያዘው 1.8 ነበር። የእትዬ ላፕቶፕ ላይ አዲሱን መጫን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሰርቨሩ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሚሠራው በጄንቱ ነው።

ጄንቱ ሊኑክስ የዳንኤል ሮቢንስ ሥራ ነው፤ 1.0 የተባለው እትሙ የወጣው በ2002 ነው። ስሙን የወሰደው ከፔንግዊን ወገን በዋና ፈጣን ከሆነችው ነው። ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን የሚያውቅ ሰው ፕሮግራም ሲፈልግ የተዘጋጀውን አውርዶ ይጭናል፤ እንጀራ ከሱቅ እንደ መግዛት ነው። ጄንቱ በባህሉ ጤፉን ነው የሚሰጥህ። ምንጭ ኮዱ ይወርዳል፣ በራስህ ማሽን ላይ ኮምፓይል ይደረጋል፣ ገብስ ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት የምትወስነው አንተ ነህ። ዩዝ ፍላግ የሚባሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ድምፅ አያስፈልገኝም ካልክ የድምፁ ኮድ ከነጭራሹ አይገባም። ሰርቨሩን ያቆመው ጓደኛዬ ማሽኑ አሮጌ ስለነበር የማይፈለገውን ሁሉ ነቅሎ፣ ጥቂት ነገር ብቻ አስቀርቶ ነው ያስረከበን።

ጄንቱ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የአሠራር ወረቀት አለው፤ ኢቢልድ ይባላል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ገጽ አይበልጥም። ምንጩ ከየት እንደሚወርድ፣ ኮምፓይል ለማድረግ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ለመሥራት ምን እንደሚያስፈልግ፣ ፋይሎቹ የት እንደሚቀመጡ በውስጡ ተጽፏል። ፖርቴጅ የተባለው ፕሮግራም ይህን እያነበበ በየደረጃው ይፈጽማል፤ ይፈታል፣ ያዘጋጃል፣ ይገነባል፣ ይጭናል። የእትም ቁጥሩን የሚወስደው ከፋይሉ ስም ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አዲስ እትም ማዘጋጀት ማለት አሮጌውን ኢቢልድ ኮፒ አድርጎ በስሙ ላይ ያለውን ቁጥር መለወጥ ብቻ ነው። ቀላልነቱን ለዓመታት ሳመሰግን ኖሬአለሁ።

እኛ ጋ ያለው የኢቢልድ ማከማቻ ከታደሰ ቆይቷል። እሱን ማደስ ሌላ ብዙ ነገር አብሮ ማደስ ሊያስከትል ይችላል፤ ደመወዝ ሁለት ቀን ሲቀረው እንዲህ ያለ ድፍረት አይሞከርም። የግል ማከማቻ ከፈትኩ፤ ኦቨርሌይ ይሉታል። የ1.8ን ኢቢልድ ገለበጥኩ፣ ስሙን ወደ 1.10 ለወጥኩ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አስጀመርኩት።

በሁለተኛው ደቂቃ ቆመ።

የታይገር ቪኤንሲን ሆድ ሳላውቅ ኖሬአለሁ። ሰርቨሩ ኤክስ ቪኤንሲ ይባላል፤ ራሱን የቻለ ሙሉ የኤክስ ሰርቨር ነው። በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን በስክሪን ላይ የሚስለው፣ ኪቦርዱን የሚያዳምጠው ያ ትልቅ ፕሮግራም እዚህ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ይኖራል፤ ልዩነቱ ስክሪን የለውም፣ የሚስለው ሜሞሪ ላይ ነው፣ የሳለውንም ወደ ኔትወርክ ይልካል። ኢቢልዱ የሚያወርደው እንግዲህ ሁለት ምንጭ ነው፤ የታይገርን እና ከኤክስ ባለቤቶች የሚመጣውን የኤክስ ሰርቨር። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ሆድ ውስጥ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ የታይገር ሰዎች ያዘጋጁትን ፓች ይለጥፍበታል። ግንባታውም ሁለት ጊዜ ነው። የታይገር ክፍል ሲሜክ በሚባለው ዘዴ ይገነባል፣ የኤክሱ ክፍል በድሮው አውቶቱልስ። በአንድ ኢቢልድ ውስጥ ሁለት ቤት ማለት ነው።

እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ጎበዝ ሆኜ የኤክስ ሰርቨሩንም ቁጥር ከ1.19 ወደ 1.20 ከፍ አድርጌዋለሁ፤ የሚለጠፈው ፓች ግን በ1.19 ልክ የተሰፋው ነው። ፓች ማለት «እንዲህ ያለ መስመር ካገኘህ፣ ከሥሩ ይህን ጨምር» የሚል ትእዛዝ ስብስብ ነው። መስመሩ ከተለወጠ የሚይዘው ያጣል። ስክሪኑ ላይ ቁራጮቹ አንድ በአንድ እየወደቁ መሆኑ ተጻፈ። በዚህ ላይ ፖርቴጅን አመሰግነዋለሁ፤ አንድ ቁራጭ እንኳ ከወደቀ ወደፊት አይሄድም። የታይገርን ማውጫ ከፍቼ ሳይ ለእያንዳንዱ የኤክስ ቤተሰብ የየራሱ ፓች ተቀምጧል፤ ለ1.20ም አለ። አንድ መስመር ለወጥኩ።

ግንባታው ላይ እያለ መብራት ሄደ። ሰርቨሩ የቆመበት ክፍል ባትሪ ነበረው፤ ግን እስኪመለስ አልጠበቀም። ከሌሊቱ 5 ሰዓት አካባቢ መብራት ሲመጣ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ እያዘዝኩ ስለነበር ከዜሮ አልጀመርኩም። ፖርቴጅ የትኛው ደረጃ እንዳለቀ በግንባታው ማውጫ ውስጥ ባዶ ፋይል እየተወ ይሄዳል፤ ምንጩ ተፈትቷል፣ ፓቹ ተለጥፏል፣ ከኮምፓይሉ ቀጠለ። አገራችን ውስጥ ከምንጭ የሚገነባ ሲስተም የሚጠቀም ሰው ይህችን ትንሽ ባሕርይ ሳያመሰግን አያልፍም።

የመጨረሻው ደረጃ መጫን ነው፤ ጥንቃቄው የሚያምረኝም እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ «ጫን» ሲባል በቀጥታ ወደ ሲስተሙ አይገባም። ለብቻው በታጠረ ባዶ ማውጫ ውስጥ ሲስተሙን መስሎ ይደረደራል፤ ሳንድቦክስ የሚባለው ዘበኛ ከአጥሩ ውጭ ሊጽፍ የሚሞክረውን ሁሉ ያስቆማል። ተደርድሮ ካለቀ በኋላ ነው ፖርቴጅ እያንዳንዱን ፋይል መዝግቦ ወደ ቦታው የሚያዛውረው። ስለዚህ ነገ ሲነቀል የትኛው ፋይል የእሱ እንደሆነ ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ምልክቱ አልተመለሰም፤ ግን ለምን ቀላሉን አልመረጣችሁም የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቲምቪወር አለ፣ ኤኒዴስክ አለ፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ያውቃቸዋል። ጄንቱ ላይም መጫን ይቻላል። ግን ምንጫቸው ዝግ ስለሆነ ኢቢልድ የሚያደርገው የተዘጋጀውን ጥቅል ፈትቶ ኦፕት በሚባለው ማውጫ ሥር ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሰዎች በየቀኑ ይሠሩባቸዋል፤ እነሱን መናቅ አልፈልግም። ነገር ግን ሪሞት ዴስክቶፕ እንደ ካልኩሌተር ያለ ፕሮግራም አይደለም። የእትዬን ስክሪን ያያል፣ የሚጽፉትን የይለፍ ቃል ይሸከማል፣ የሁሉንም ሠራተኛ ደመወዝ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ከመጫኔ በፊት ውስጡን የሚያነብ ሰው መኖሩን ማወቅ እፈልጋለሁ። ኢቢልድ የሚጽፍ ሰው ያ አንባቢ ነው። ሁሉንም መስመር ባያነብ እንኳ ከየት እንደመጣ፣ ምን ምን እንደተሰፋበት፣ ከማን ጋር እንደተገናኘ ያውቃል።

አርዲፒን ብንመርጥስ? የማይክሮሶፍት ዘዴ ነው፤ ክሊፕቦርዱም ዩኒኮድ ያስተላልፋል። ለሊኑክስ ኤክስ አርዲፒ የሚባል ሰርቨር አለ፤ ነገር ግን እሱ ራሱ ከጀርባው ስክሪን የሚስልለት ይፈልጋል፣ ከምርጫዎቹም አንዱ ይኸው ኤክስ ቪኤንሲ ነው። ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ቤት።

ራስትዴስክ ደግሞ ምንጩ ክፍት ነው፤ ወጣቶች ይወዱታል። ለጄንቱ ማዘጋጀት ግን ሌላ ፈተና ነው። የተጻፈው በራስት ቋንቋ ነው፤ የፊት ገጹ በፍላተር ነው። እንዲህ ያሉ አዳዲስ ፕሮግራሞች ሲገነቡ የሚፈልጉትን ቤተ መጻሕፍት ራሳቸው ከኢንተርኔት እያወረዱ ነው። ፖርቴጅ ይህን አይፈቅድም፤ በግንባታ ጊዜ ኔትወርኩ ይዘጋል። የሚያስፈልገው ሁሉ አስቀድሞ በኢቢልዱ መዘርዘር፣ አስቀድሞ መውረድ፣ የእያንዳንዱም አሻራ መመዝገብ አለበት። ማኒፌስት በሚባለው ፋይል ውስጥ የፋይሉ መጠንና ሁለት የተለያዩ አሻራዎች፣ ብሌክ2ቢ እና ሻ512፣ ይጻፋሉ። ከወረደው ፋይል አንድ ባይት ከተለወጠ ግንባታው አይጀመርም። ራስት ላይ ዝርዝሩ በመቶዎች ይቆጠራል። አድካሚነቱን የሚያማርሩትን እረዳቸዋለሁ፤ ግን ዝርዝሩ ረጅም የሆነው ፕሮግራሙ ያን ያህል ሰው ስለሚያምን ነው። ጄንቱ ዝርዝሩን አልፈጠረውም፣ እንድናየው አደረገ እንጂ።

አሻራም ወሰን አለው። በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ሲከታተል፣ ኤክስዜድ በተባለው የማመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 እትሞች ውስጥ የተደበቀ የጀርባ በር አገኘ። በሩን የሚከፍተው ቁልፍ በግልጽ በሚታየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ ሳይሆን፣ ታሽጎ በሚለቀቀው ጥቅል ውስጥ ነበር የገባው። አሻራው ትክክል ነው፤ ምክንያቱም አሻራ የሚናገረው «አንተ ጋ የደረሰው ኢቢልዱን የጻፈው ሰው ካየው ጋር አንድ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ክፉው ኮድ ሥራውን የሚጀምረው ዴቢያን ወይም ሬድሃት ቤት በሚጠቀሙበት የጥቅል አሠራር ሲገነባ ነበር። ጄንቱ ከዚያ ወጥመድ ውጭ የሆነው ወጥመዱን ያጠመዱት ስላልፈለጉት ነው፤ ከምንጭ መገንባት ብቻውን አላዳነውም። ከምንጭ የምንገነባ ሰዎች ይህን ለራሳችን ደጋግመን መናገር አለብን።

የእኛን ሰርቨር በቀጥታ የነካው ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ የተሰማው ነው። በኤክስ ሰርቨር ውስጥ፣ ኪቦርድን በሚመለከተው ክፍል፣ ከተመደበው ሜሞሪ ወሰን አልፎ የሚያስጽፍ ቀዳዳ ተገኘ። ስህተቱ የገባው በ2006 ነው። 18 ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ኖሯል። ኤክስ ሰርቨር 21.1.14 ላይ ተደፈነ።

አብዛኛው ሰው የኤክስ ሰርቨሩን አደሰ፣ ጨረሰ። ታይገር ሆድ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ኤክስ ግን በዚህ አይታደስም፤ ቀድሞ ተገልብጦ፣ ተለጥፎ፣ ተገንብቶ ገብቷል። ጄንቱ እንዲህ ያለውን አሠራር አይወድም። አንድ ኮድ በአንድ ቦታ ይኑር፣ ሌሎቹ ይጋሩት የሚል የቆየ ልማድ አለው፤ ሲደፈን ለሁሉም በአንዴ እንዲደፈን። ኤክስ ሰርቨር ግን ሌሎች እንዲጋሩት ተደርጎ የተሠራ ቤተ መጻሕፍት ስላልሆነ እዚህ ላይ ልማዱ አይሠራም። የሚቀረው የሚያስታውስ ሰው ነው። በዚያች ሌሊት በፓቹ የተሠቃየሁ ባልሆን ኖሮ፣ እኔም የማስታውስ አይመስለኝም።

ባለፉት ዓመታት ታይገርንም ፓቹንም ሳድስበት የቆየሁትን ኢቢልድ ከፈትኩ። የኤክስ ሰርቨሩ ቁጥር በአንዲት መስመር ላይ ተቀምጧል። ወደ 21.1.14 ለወጥኳት፣ ጥቅሉን አውርጄ አሻራውን አስመዘገብኩ፣ ፓቹ መያዙን ቆሜ ጠበቅሁ። ያዘ። ኮምፓይሉ አለቀ።

አንድ ነገር ቀረ። አዲሱን ለማስነሳት የሚሠራውን ማጥፋት ግድ ነው። ኤክስ ቪኤንሲ ሲጠፋ ደግሞ በእሱ ላይ የተከፈተው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሠንጠረዥ ይሄዳል። እትዬ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ዛሬ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሰርቨሩን አጠፋዋለሁ። የከፈቱትን ሁሉ ሴቭ አድርገው ይዝጉልኝ።»

«ምን ሆነ ደግሞ? ጥያቄ ምልክቱ መጣ እንዴ?»

«አይ፣ እሱ አይመጣም። የበር ቁልፍ መቀየር ነው።»

«እሺ ልጄ። ነገ ጠዋት ግን አንዴ ከቅርንጫፍ ዝርዝር ኮፒ አድርጌ አየዋለሁ። መታወቂያው ላይ ኃይሉ በዚህኛው በኃ ነው የተጻፈው፤ በሌላው ሀ ከመጣ ባንክ ይመልሰዋል።»

በማግስቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ፎቶ ላኩልኝ። ሠንጠረዡን በስልካቸው በጣም ተጠግተው አንስተውታል፤ የሚታየው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ «ኃ»ዋ ከነእግሯ ቁልጭ ብላለች።